የስምንት መቶ ተማሪ ውጤት፣ የሁለት ትምህርት ቤት ማስረጃ

ከደጀን ተነሥቶ በምሥራቅ ጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ፣ ቢቸናና ሞጣ በዚያው መንገድ ላይ የሚገኙ ሁለት ከተሞች መሆናቸውን ያስታውሳል። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ማዕከል ሆነው የኖሩ ናቸው። በሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በሁለቱም ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነው፤ በሁለቱም ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ቤት ተከራይቶ እየተማረ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። ሁለት የሚመሳሰሉ ቦታዎችን አነጻጽሮ ስለ ትምህርት አንድ ነገር ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ከእነዚህ የተሻለ ጥንድ በቀላሉ አያገኝም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለምናነሣው ጉዳይ መነሻ እናደርጋቸዋለን። ጉዳዩም አንድ የትምህርት ጥናት «ተረጋግጧል» ብሎ ሲጽፍ በእርግጥ የቆጠረው ምንድን ነው የሚል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው ለማስረዳት ሲባል የተፈጠረ ነው፤ ቁጥሮቹም የማንም ትምህርት ቤት ውጤት አይደሉም። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አዲስ የፊዚክስ ማስተማሪያ ዘዴ አለኝ ይላል። በዘዴው መሠረት ተማሪዎች አስቀድመው በቡድን ሆነው ሙከራ ይሠራሉ፤ መምህሩ ትምህርቱን የሚያብራራው ከዚያ በኋላ ነው። በቢቸና የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት 400 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ወሰነ ትምህርት በዚህ ዘዴ ይማራሉ። በሞጣ የሚገኙ ሌሎች 400 ተማሪዎች በተለመደው መንገድ ይማሩና ለማነጻጸሪያ ያገለግላሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። የቢቸና አማካይ ውጤት ከመቶ 46፣ የሞጣ 43 ይሆናል። የውጤቶቹ መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ተማሪዎች ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የሚበታተኑበት መጠን፣ በሁለቱም ቦታ 14 ማርክ ነው።

ተመራማሪው በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘውን የ«ቲ» ፈተና ቀመር አውጥቶ ያሰላል። በቀመሩ መሠረት በሁለቱ አማካዮች ልዩነት ላይ ያለው መደበኛ ስህተት 1 ማርክ ገደማ ነው። የተገኘው ልዩነት 3 ማርክ በመሆኑ የስህተቱ ሦስት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የሚገኘው ከ400 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ «ልዩነቱ ጉልህ ነው፣ ዘዴው በሁሉም ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ቢውል ይመከራል» ተብሎ ይጻፋል። ስሌቱ አንድም የሒሳብ ግድፈት የለበትም። መደምደሚያው ግን አይቆምም።

ሙከራው ስንት ጊዜ ተደረገ?

ለምን እንደማይቆም ለመረዳት ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ጎራ እንበል። አንድ ተማሪ የብረት ዘንግ ርዝመት እንዲለካ ማስመሪያ ተሰጠው እንበል። አንድ ጊዜ ቢለካ የዐይኑ አነባበብና የእጁ መንቀጥቀጥ ስህተት ያስከትላሉ። አንድ መቶ ጊዜ ለክቶ አማካዩን ቢወስድ ግን አንዱ ልኬት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሚስት ስህተቶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የአማካዩ ስህተት በአሥር እጥፍ ይቀንሳል። ይህን ማንኛውም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። አሁን ደግሞ የማስመሪያው ጫፍ ተበልቶ 2 ሚሊሜትር ጎድሎት እንደ ሆነ እናስብ። ተማሪው አንድ ሺህ ጊዜ ቢለካም 2 ሚሊሜትሩ አይጠፋም። ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ይስማማሉ፤ ስምምነታቸውም ያሳምናል። ሁሉም የሚስቱት ግን በአንድ አቅጣጫ ነው። ልኬት ማብዛት የሚያጠፋው እርስ በርሳቸው ነጻ የሆኑ ስህተቶችን ብቻ ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ 400 ልጆች በአንድ ማስመሪያ የተለኩ 400 ልኬቶችን ይመስላሉ። የሚያስተምሯቸው እነዚያው ጥቂት የፊዚክስ መምህራን ናቸው። ቤተ ሙከራው ቁልፍ ከሆነ ለሁሉም ቁልፍ ነው። መምህሩ ታሞ ሁለት ሳምንት ቢቀር የሚጎዳው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ነው። የቢቸናው ትምህርት ቤት ገና ከመነሻው ሦስት ማርክ የሚያስበልጥ ጎበዝ መምህር ኖሮት ከሆነ፣ ያ መምህር የ400ውንም ውጤት በአንድነት ከፍ ያደርጋል። ቀመሩ ግን ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁና ከመላ አገሪቱ አንድ በአንድ በዕጣ የተመረጡ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ተመራማሪው 800 ሙከራ ያደረገ መሰለው እንጂ ዘዴው የተሞከረው በአንድ ትምህርት ቤት፣ የተነጻጸረውም ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር ነው።

ነገሩን በቁጥር እናስቀምጠው። የተማሪዎች ውጤት ጠቅላላ ልይይት በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ባሉ ተማሪዎች መካከል ያለው ነው፤ ሁለተኛው በትምህርት ቤቶች አማካዮች መካከል ያለው ነው። ከጠቅላላው የውጤት ልይይት (ከመደበኛ ልይይቱ ካሬ ማለታችን ነው) አንድ አምስተኛው በትምህርት ቤቶች መካከል የሚገኝ ነው ብለን እንነሣ። 14 ሲባዛ በራሱ 196 ነው፤ የዚህ አንድ አምስተኛ 39.2 ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ሲነጻጸሩ ይህ እጥፍ ሆኖ 78.4 ይሆናል፤ ከተማሪዎቹ የሚመጣው ቀሪ ስህተት ሲጨመርበት 79.2 ይደርሳል፤ ካሬ ሥሩ 8.9 ነው። ትርጉሙም ምንም አዲስ ዘዴ ሳይኖር በዘፈቀደ የተመረጡ ሁለት ትምህርት ቤቶች አማካዮች በ9 ማርክ ቢለያዩ የሚያስገርም አይደለም ማለት ነው። ተመራማሪው የተደሰተበት ልዩነት 3 ነበር።

ተማሪዎቹን በየትምህርት ቤቱ ከ400 ወደ 4,000 ብናሳድጋቸውስ? 8.9 የነበረው ወደ 8.86 ዝቅ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። በሌላ አነጋገር በዚህ ሁኔታ 800 ተማሪዎች የሚሰጡት መረጃ አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡ 10 ተማሪዎች የሚገኘውን ያህል ነው። ለ10 ልጆች ማስረጃ 800 ልጆችን መፈተን የወረቀት ብክነት ነው፤ የከፋው ግን በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ምክር ነው።

የ2014 ዓ.ም. ፈተና ምን ይነግረናል?

አንባቢ «አንድ አምስተኛ ያላችሁት ከየት መጣ? ምናልባት በእኛ አገር ትምህርት ቤቶች ይህን ያህል አይለያዩ ይሆናል» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ትክክለኛው ድርሻ እንደ ትምህርት ዓይነቱና እንደ ክፍል ደረጃው ይለያያል። ነገር ግን ውጤት በትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚቧደን የሚያሳይ፣ በይፋ የተነገረ የአገር አቀፍ ቁጥር አለን።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተኑ። 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ፣ ማለትም ከመቶ 39ኙ፣ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በጊዜው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ያሰላ ግን እምብዛም አልነበረም።

እናስላው። የማለፍ ዕድል ለየትኛውም ተማሪ፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት 3.3 በመቶ ነው ብለን እንነሣ። አንድ ተማሪ የመውደቅ ዕድሉ 0.967 ያህል ነው፤ መቶ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉም የመውደቃቸው ዕድል 0.967 መቶ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 3.4 በመቶ ገደማ ነው። የተፈታኞች አማካይ ቁጥር በአንድ ትምህርት ቤት 303 ያህል ስለ ነበር፣ ሁሉም ትምህርት ቤት በዚህ መጠን ቢሆን ኖሮ «ዜሮ» የሚያመጣ ትምህርት ቤት በመላ አገሪቱ አንድም አይገኝም ነበር። ከመቶ 39 ትምህርት ቤቶች በዕድል ብቻ ዜሮ እንዲያመጡ ከተፈለገ የእያንዳንዳቸው ተፈታኝ 28 ገደማ መሆን ነበረበት። ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት እንደሚለያዩና ዜሮ ካመጡት ብዙዎቹ ትናንሽ ሊሆኑ እንደሚችሉ እናውቃለን፤ ሆኖም በ28 እና በ303 መካከል ያለውን ርቀት ይህ አይሞላውም። ማለፍ በአገሪቱ ላይ እኩል የተበተነ አልነበረም፤ በጥቂት ትምህርት ቤቶች የታጎረ ነበር።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በአገራችን ትምህርት ቤትን ሳይቆጥር ተማሪን ብቻ የሚቆጥር ጥናት ትልቁን የልዩነት ምንጭ ትቶ ነው የሚያሰላው። ሁለተኛው በአንጻሩ ለትናንሽ ትምህርት ቤቶች ፍትሕ የሚሆን ነው። 40 ተማሪ ብቻ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ አማካይ ምንም ባያንስ እንኳ ከአራት ዓመት በአንዱ ዜሮ ያመጣል፤ ይህ ዕድል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የገጠር ትምህርት ቤት በስም ጠርቶ ማሳፈር፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ተማሪ ሲያልፍለት ደግሞ «ተሻሻለ» ብሎ መሸለም ሁለቱም ከንቱ ናቸው። በጣም ዝቅ ብሎ የተገኘ ሁሉ በድጋሚ ሲለካ ወደ አማካዩ ቀረብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ምንም ባይደረግለትም። የትምህርት ቢሮዎች ደካማ ትምህርት ቤቶችን መርጠው ድጋፍ ሰጥተው «ውጤት አሳዩ» ሲሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ድጋፍ ያላገኙት ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ምን ያህል ተሻሻሉ የሚለው ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኔቪል ቤኔት የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን አጥንቶ በጥብቅና በተለመደው ሥርዓት የሚያስተምሩት ከ«ነጻ» አስተማሪዎች የተሻለ ውጤት ያመጣሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በጋዜጣና በፖለቲካ መድረክ ብዙ አነጋገረ። የተጠኑት መምህራን 37 ብቻ ነበሩ፤ ስሌቱ ግን የተሠራው በተማሪዎቹ ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 መሪ ኤይትኪን የተባለው የስታትስቲክስ ሊቅና ባልደረቦቹ ያንኑ መረጃ ወስደው ተማሪዎችን በየክፍላቸው አቧድነው ሲያሰሉት የተባለው ጉልህ ልዩነት ጠፋ። ቤኔት ራሱ በድጋሚው ስሌት ከተሳተፉት አንዱ መሆኑ ሊደነቅ የሚገባው ነው። የዛሬው የባለብዙ እርከን ስሌት በትምህርት ጥናት ውስጥ የገባው ከዚህና ከመሰል ክርክሮች በኋላ ነው።

ዕጣና ወተት

ትምህርት ቤቶችን ማብዛት ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱን ዘዴ ማን እንዲያገኝ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። የቢቸናው ትምህርት ቤት ለአዲሱ ዘዴ የተመረጠው ርዕሰ መምህሩ ለለውጥ ፈቃደኛ ስለ ሆነ ከሆነ፣ የዘዴውን ውጤት ከርዕሰ መምህሩ ትጋት መለየት የሚቻልበት ቀመር የለም።

በ1930 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ላናርክሻየር በተባለው አውራጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ 20,000 ልጆች የተሳተፉበት ታላቅ ሙከራ ተካሄደ። አሥር ሺዎቹ ለአራት ወራት በየቀኑ ወተት ተሰጣቸው፤ አሥር ሺዎቹ አልተሰጣቸውም፤ የሁሉም ክብደትና ቁመት በመጀመሪያና በመጨረሻ ተለካ። ልጆቹ የሚመደቡት በዕጣ ወይም በስም ፊደል ቅደም ተከተል ነበር። ነገር ግን መምህራን አንደኛው ወገን ውስጥ የጠገቡ ወይም የተጎዱ ልጆች የበዙ ከመሰላቸው እንዲያቀያይሩ ተፈቀደላቸው። የሆነውን መገመት አያስቸግርም። መምህር ሰው ነውና የከሳውን ልጅ ወደ ወተቱ አሻገረው። ሙከራው ሲጀመር ወተት የማያገኙት ልጆች ቀድሞውኑ በክብደትም በቁመትም የበለጡ ሆነው ተገኙ።

ይህን ገና በማግሥቱ ዓመት አብጠርጥሮ የተቸው ዊሊያም ጎሴት ነው። ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ ነበር፤ ጽሑፎቹን የሚያወጣው «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነው። የእኛ የሁለተኛ ዲግሪ ተመራማሪ የተጠቀመበትን የ«ቲ» ፈተና እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠረው እሱ ራሱ ነው! ጎሴት ልጆቹ ከነልብሳቸው መመዘናቸውን ሳይቀር አነሣ፤ በክረምት ወፍራም ልብስ የሚለብሰው የባለጸጋ ልጅ በበጋ ቀለል ሲለው የደሀው ልጅ ልብስ ግን ያው ነው። በ20,000 ልጆች ፋንታ 50 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች ቢወሰዱና ከየጥንዱ ወተት የሚጠጣው በሳንቲም ዕጣ ቢለይ የበለጠ አስተማማኝ ውጤት በጥቂት ወጪ ይገኝ ነበር ሲል ጻፈ። ከብዛት ይልቅ ዕጣው ይበልጣል ማለቱ ነበር።

ዕጣ ለምን ይህን ያህል ኃይል ይኖረዋል? የሳንቲም ውርወራ የርዕሰ መምህሩን ትጋት፣ የወላጁን ሀብት፣ የተማሪውን ጉብዝና አያውቅም። ስለዚህ የምናውቃቸውንም የማናውቃቸውንም ልዩነቶች ያለ አድልዎ ይበትናቸዋል፤ ከዚህም በላይ የአጋጣሚውን መጠን በጣት እስከ መቁጠር ያደርሰናል። በቢቸናና በሞጣ ሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ ይዘን በሳንቲም ብንወስን፣ የተሻለው ትምህርት ቤት አዲሱን ዘዴ የማግኘቱ ዕድል ግማሽ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሁለት ትምህርት ቤት አይገኝም። አሁን ግን በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች 12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ወስደን፣ በተማሪ ብዛትና በቀድሞ ውጤት የሚቀራረቡትን አጣምረን ስድስት ጥንድ እናድርጋቸው። በየጥንዱ ሳንቲም እንወርውር። ዘዴው ምንም የማይጠቅም ከሆነ፣ በስድስቱም ጥንድ አዲሱን ዘዴ ያገኘው ትምህርት ቤት የመብለጡ ዕድል አንድ ስድሳ አራተኛ፣ ማለትም 1.6 በመቶ ብቻ ነው። ለዚህ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አያስፈልግም።

ከየትምህርት ቤቱ 30 ተማሪ ብቻ ብንፈትን ጠቅላላው 360 ነው፤ ከመጀመሪያው ጥናት ከግማሽ በታች። በቀደመው ግምታችን ካሰላን ግን ስህተቱ ከ8.9 ወደ 3.8 ማርክ ይወርዳል። ተማሪዎቹን ከትምህርቱ በፊትም ብንፈትናቸው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር የ3 ማርክን ልዩነት በእርግጠኝነት ለመለየት ይህም አይበቃም፤ 40 ያህል ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። መምህራን ይህን ሲሰሙ «ታዲያ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይህን ከየት ያመጣል?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዱ መልስ በየትምህርት ቤቱ ውስጥ ክፍሎችን በዕጣ መመደብ ነው። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው የክፍል መጠን ጥናት በ79 ትምህርት ቤቶች ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ትናንሽ ክፍሎችና መደበኛ ክፍሎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ተማሪውም መምህሩም በዕጣ ተመደቡ፤ በዚህም ትናንሽ ክፍሎች የተሻለ ውጤት ማስገኘታቸው ታወቀ። ሁለተኛው መልስ አምስት ተመራቂዎች አምስት የተለያዩ ትናንሽ ጥናቶች ከሚሠሩ ተባብረው አንድ ደህና ጥናት ቢሠሩ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ደንብ ይህን እምብዛም አያበረታታም፤ ቢያበረታታ እንመርጣለን።

በአገራችን ትምህርት ቤትን የሚቆጥሩ ጥናቶች የሉም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና 13,079 ተማሪዎችን ከ338 ትምህርት ቤቶች ወስዶ ነበር፤ በአንድ ትምህርት ቤት 39 ልጅ ያህል መሆኑ ነው። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አለመቻላቸውን ስናምን የምናምነው በ13 ሺሁ ብዛት ሳይሆን በ338ቱ ነው።

«ጉልህ» የሚለው ቃል

በአማርኛ የጥናት ጽሑፎች «ጉልህ ልዩነት» የሚባል ነገር አለ። በዕለት ንግግራችን ጉልህ ማለት ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ ማለት ነው። በስታትስቲክስ ግን ቃሉ የሚናገረው ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመገኘቱ ዕድል ከተወሰነ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ፣ ያነሰ መሆኑን ብቻ ነው። በየወገኑ 400 ሺህ ነጻ ተማሪ ቢኖረን የ0.1 ማርክ ልዩነት እንኳ «ጉልህ» ይሆናል፤ ለ0.1 ማርክ ግን ማንም አስተዋይ ሰው የማስተማሪያ ዘዴውን አይለውጥም። ስለዚህ ጥናቱ የልዩነቱን መጠንና የስህተቱን ወሰን በማርክ ሊነግረን ይገባል። የአሜሪካ የስታትስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ ሳይንሳዊ ድምዳሜ በዚህ አንድ ወሰን ላይ ብቻ ሊመሠረት እንደማይገባ አሳስቧል።

ሌላም አለ። ተመራማሪው 20 መጠይቆች በትኖ ሃያውንም ቢፈትሽ፣ ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 64 በመቶ ነው። ያንን አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ ለገበያ የተመረጠ ቲማቲም ከላይ እንደ መደርደር ነው። መፍትሔው የሚታወቅ ነው፤ ዋናው ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ፤ የተፈተሸውም ሁሉ ይገለጽ።

ማርኩ ራሱ ምንን ይለካል የሚለውም አብሮ መታየት አለበት። የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ገበሬው ልጅ ጥያቄውን ሲስት ፊዚክሱን ይሁን ቋንቋውን የሳተው ከማርኩ አይታወቅም። ግማሾቹ ተማሪዎች በዕጣ ተለይተው ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ቢያገኙት ሁለቱን መለየት በተቻለ ነበር። በዚህ ረገድ ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ አንባቢ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በሚያውቀው ቦታ፣ የኖረውን የቅኔ ትምህርት ማስታወስ ደስ ይለናል። የቅኔ ተማሪ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን መውሰድ ወይም የትናንቱን መድገም አይሆንለትም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚወጣው በዚህ ነው። ፈተናው የሚለካው ሊለካ የተፈለገውን ነገር ራሱን ነው፤ ይህን ተገቢነት እንለዋለን። ሚዛኑ ግን በአንድ መምህር ጆሮ ውስጥ ያለ ነው፤ ሌላው መምህር ያንኑ ፍርድ ይስጥ አይስጥ የሚታወቀው ሁለቱ ተለያይተው ሲዳኙ ነው፤ ይህ ደግሞ አስተማማኝነት ይባላል። ብሔራዊው የምርጫ ፈተና በሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ በመጀመሪያው ስለ መጠንከሩ ግን እርግጠኞች አይደለንም።

ያልተፈተኑት

በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 27,267ቱ አለፉ፤ 3.2 በመቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. 684,205 ተፈትነው 36,409 አለፉ። በ2017 ዓ.ም. 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። መቶኛው በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ አደገ። ነገር ግን ተፈታኙ በ259 ሺህ ያህል ቀንሷል፤ መቶኛ ማለት ደግሞ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር ጥምርታ ነው። የቀሩት ሁሉ ተፈትነው ሁሉም ወድቀው ቢሆን ኖሮ የ2017 ውጤት 5.8 በመቶ ይሆን ነበር። ከተፈተኑት ጋር እኩል ቢያልፉ ኖሮ 8.4 ላይ ይቆይ ነበር። ስለዚህ የቀሩት ከተፈተኑት አይበልጡም ካልን ለንጽጽር የሚሆነው ቁጥር በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ያላፊዎች ቁጥር ራሱ ስለ ጨመረ መሻሻል የለም ማለት አይቻልም፤ መሻሻሉ ሙሉ በሙሉ 5.2 ነጥብ ነው ማለትም አይቻልም። የሁለቱ ዓመታት ጥያቄዎች እኩል ይከብዱ እንደ ነበር ለማወቅ ደግሞ በሁለቱም ፈተናዎች ውስጥ የጋራ መልሕቅ ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተካሄደው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በየአካባቢው በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። በቢቸና ወይም በሞጣ የጦርነቱን ጉዳት ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ የሚገጥመውን በአንድ ትንሽ የፈጠራ ምሳሌ እንይ። አንድ ክፍል 60 ተማሪ ነበረው፤ አማካይ ውጤቱ 38 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ 25 ብቻ ቀሩ፤ አማካዩ 44 ሆነ። ተሻሻሉን? የቀሩት 25ቱ ቀድሞም አማካያቸው 44፣ የሄዱት 35ቱ ደግሞ 34 ገደማ ከነበረ፣ አንድም ልጅ አንድ ማርክ ሳይጨምር የክፍሉ አማካይ በ6 ማርክ ያድጋል። ለመሄድ የሚገደደው ልጅ ብዙ ጊዜ ደሀው፣ ከሩቅ የሚመጣውና ስንቅ ያጣው ነው። ጦርነቱ ውጤት አሻሻለ የሚል አስቂኝ ድምዳሜ እንዲህ ባለ መንገድ፣ ያለ አንዳች የስሌት ስህተት፣ ሊታተም ይችላል።

ለዚህ የሚበጀው ቀመር ሳይሆን መዝገብ ነው። ያንግ ላይቭስ በመባል የሚታወቀው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል፣ ልጆቹ ትምህርት ቢያቋርጡ ወይም ቀዬ ቢለቁ እንኳ እየፈለገ ያገኛቸዋል፤ የሚጠይቀውም በቤታቸው ነው። ቦታዎቹ የተመረጡት ሆን ተብሎ ለድሆች በማድላት በመሆኑ የአገሪቱን አማካይ አይናገርም፤ ልጆቹ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጡ ግን ይናገራል። በሁለቱ ከተሞች የሚሠራ ጥናትም ከጦርነቱ በፊት የነበረውን የክፍል ስም ዝርዝር ከርዕሰ መምህሩ ተቀብሎ ቢነሣ፣ በሠንጠረዡም ውስጥ የተመዘገቡ፣ የተፈተኑ፣ ያልተገኙ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ቢኖሩት፣ አንባቢው 38ንና 44ን ጎን ለጎን ከማየቱ በፊት 60ንና 25ን ያያል። አንድ ያልተገኘ ልጅን ለመፈለግ ከሞጣ ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ በእግር አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያው ቀን በክፍል ውስጥ ያሉ ሌሎች መቶ ልጆችን መፈተን ይቻል ነበር። ስሌቱ የሚመርጠው ግን የእግሩን መንገድ ነው።